ዝናሽ ሻሌ የገባች ሰሞን

ዝናሽ የአባቷን መሞት ያወቀችው በአክስቷ ነጠላ ነው። ማንም አልነገራትም።

ኅዳር እየተገባደደ ነበር። ቤይሩት ሁለት ዓመት ሠርታ ለእረፍት መጥታ፣ ጥቅምትን ከገሳይ በላይ፣ ጉና ሥር ካለው የአባቷ ቤት ቆይታ፣ ለጉዞው ወረቀት ወደ ደብረ ታቦር ወርዳ አክስቷ ዓለሚቱ ዘንድ ተቀመጠች። አባቷ እሸቴ ስትለያቸው ያስላቸው ነበር፤ ቢሆንም ገብሳቸውን እማሳው ዳር ቆመው ያሳጭዱ ነበር። ጥቂት ሰንብቶ ወንድሟ ይሻው ደወለ።

«አባየ ጸበል ገብተዋል። እዚያ ስልክ የለም፤ ጠያቂም አያስገቡም» አላት።

መንገዱ አንድ ቀን ተከፍቶ ሁለት ቀን የሚዘጋበት ሰሞን ስለነበር ልምጣ ብላ አልተከራከረችም።

በማግሥቱ አክስቷ «ገሳይ ለድንች ልሂድ» ብለው በማለዳ ወጡ። ድንች ነጋዴ ናቸው፤ ባዶ እጃቸውን ተመልሰው አያውቁም። ያን ቀን ግን አመሻሹ ላይ ባዶ እጃቸውን መጡ። ድምፃቸው ሻክሯል። ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ጥለቱን ለቀስተኛ እንደሚያደርገው ወደ አንገታቸው አድርገው፣ እንደዚያው እንደለበሱ ገቡ።

«ድንቹስ፣ አክስቴ?»

«ውርጭ መትቶታል አሉ። ቅጠሉ ሁሉ ተቃጥሎ ጠብቆኝ።»

ዓለሚቱ የልጅቱ ዓይን የት እንዳረፈ አዩ። ሳይቸኩሉ ነጠላቸውን ገለበጡና ጥለቱን ወደ ታች አወረዱት።

«ብርዱ» አሉ።

«አዎ፣ ዛሬስ ይበርዳል» አለች ዝናሽ። ጓዳ ገብታ ነጭ ሽንኩርት ትልጥ ጀመር። የሚላጠው አልቆም እጇ ልጣጩን ሲያገላብጥ ቆየ።

በአገሩ ወግ ለመንገደኛ መርዶ አይነገርም። መርዶ ሰዓትና ሥርዓት አለው፤ ጎህ ሲቀድ፣ እህል ሳይቀመስ፣ ዘመድ ጎረቤቱ ተሰብስቦ በር አንኳክቶ ነው የሚነገረው። እስከዚያ ድረስ ያወቀ ሁሉ ሆድ ይፍጀው ብሎ ይከርማል። የተነገረው ሰው ደግሞ ይቀመጣል። ፍራሽ አውርዶ ለቀስተኛ ይቀበላል፤ እስከ አርባው ከቤቱ አይርቅም። የዝናሽ የመኖሪያ ፈቃድ ግን አርባን አይጠብቅም። ቀኑ ካለፈ መመለስ የለም፤ ማዳሟም ሌላ ሠራተኛ ታስገባለች። ብትጠይቅ ይነግሯት ነበር፤ ከነገሯት ትቀራለች። ስለዚህ አልጠየቀችም። እነሱ ለእሷ ብለው ዝም አሉ፤ እሷም ለእነሱ ብላ ዝም አለች። እንባዋም አልመጣ። ሳይነገራት ብታለቅስ በአባቷ ላይ የምታሟርት መሰላት።

መናኸሪያ የሸኛት ይሻው ነው። ኮፍያ አድርጎ የማያውቀው ሰው ያን ቀን እስከ ጆሮው ደፍቶ መጣ። ሲስማት ኮፍያው ሸርተት አለና የተላጨ ራሱን አየች። እሱም እንዳየች አየ፤ ኮፍያውን መልሶ ደፋው።

«አባየ ሰላም ብለውሻል።»

«አንተም ሰላም በልልኝ።»

«እላለሁ። ማዳምሽ ካለችሽ ተራራ ላይ ሰዎቹ በረዶውን በጣውላ ይንሸራተቱበታል አሉ። አንች እንዳትሞክሪ አደራ፤ ከአህያ ላይ የወደቅሽውን አገር ሁሉ ያውቀዋል።»

ሁለቱም ሳቁ። አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ።

ማዳም ዘንድሮ ሥራዋን ለወጠችባት። ከቤይሩት በላይ፣ ተራራው ላይ፣ ለበረዶ ተንሸራታቾች የምታከራየው የእንጨት ቤት አላት፤ ሻሌ ይሉታል። ዝናሽ የከተማውን ቤት ትታ በረዶው እስኪቀልጥ ድረስ እዚያ ታበስላለች፣ ታነጥፋለች፣ እንግዳ ትቀበላለች። መኪናው እየተጠማዘዘ ሲወጣ መጀመሪያ የመንገዱ ዳር ነጣ፤ ቀጥሎ ሁሉም ነገር ነጭ ሆነ። ዝናሽ በረዶ ሲባል የምታውቀው በክረምት ቆርቆሮ የሚደበድበውን ነው። ይሄኛው ሲወርድ ድምፅ የለውም። ደስ አላት ማለት አይቻልም፤ ዝምታው ግን ተስማማት።

ማዳም ሥራውን አሳይታት በዚያው ቀን ወረደች። የሳሎኑ ምድጃ እንዳይጠፋ እንጨት መጨመር አለበት። ሌሊት ውሃው ቧንቧው ውስጥ በረዶ እንዳይሆን ጠብ ጠብ እያለ ይተዋል። እንግዶቹ ከተራራው ሲመለሱ እንደ ድንጋይ የሚከብደውን ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ይጥሉታል፤ እሱን አንሥቶ፣ ጠርጎ፣ ርጥቡን ጓንት ማሞቂያው ላይ መደርደር ነው። ደረጃው እንዳያንሸራትት ደግሞ ጨው ይበተንበታል። ዝናሽ ከጆንያው እየዘገነች ስትበትን፣ ሌላ ጊዜ ቢሆን ጨው በእግር ሲረገጥ አይታ አፏን በያዘች ነበር። አሁን ግን በተነችው፤ ሲያልቅ ደግሞ ዘገነች።

በማግሥቱ ከታች ካለው ሻሌ አንዲት ሴት እያለከለከች ወጣች። ብዙነሽ ትባላለች፤ የአንበሳሜ ሰው ናት። በዕድሜ ዝናሽን ትበልጣለች፤ ተራራው ላይም ብዙ ዓመት ሠርታለች።

«አንች ነሽ የደብረ ታቦሯ? ወይ ዳገት! አፍ ዳገት አይፈራም ብለው የተረቱት የኔን ጉልበት ሳያዩ ነው!»

ጉንጯን ደጋግማ ሳመቻት፤ አይተውት የማያውቁት ሰው እንዲያ አይሳምም።

«አክስትሽ ደውለውልኝ ነበር። ስልኬን ከእህቴ ተቀብለው። እንደ እህት ያዥልኝ አሉኝ።»

«ሌላስ ምን አሉ፣ እትየ?»

ብዙነሽ የጓንቷን ጣቶች አንድ በአንድ ጎተተች።

«ሌላማ… ድንች ተወዷል አሉ።»

ዝናሽ ያን ጊዜ መርዶው ከማን ዘንድ እንዳለ አወቀች። አደራው ወደዚች ሴት ተላልፏል። ይነገረኛል ብላ ልቧን አዘጋጀች።

ብዙነሽ በሦስተኛው ቀን ተመልሳ መጣች።

«ጨው አለቀብኝ።»

«ደረጃሽ ላይ በጆንያ ቆሞ የለም እንዴ?»

«እሱማ የመንገድ ነው የኔ እናት። ወጥ ላይ ብጨምረው የቤቱ ሚስተር ቁጭ ባለበት ይንሸራተትብኛል!»

ሳቋ ቤቱን ሞላው። ዝናሽ ሽርጧን አውልቃ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች፤ እጇንም ጉልበቷ ላይ አሳረፈች። ብዙነሽ ሳቋን ጨርሳ ተነፈሰች።

«እንግዲህ…» አለች።

ዝናሽ ጠበቀች።

«እንግዲህ ልሂድ። ድስት ጥጄ ነው የመጣሁ።»

ደግሞ ሌላ ቀን ለመጥረጊያ መጣች፤ ሌላ ቀን ለክብሪት። በመጣች ቁጥር ዝናሽ ሽርጧን ታወልቃለች፣ ትቀመጣለች። በመጣች ቁጥር ብዙነሽ «እንግዲህ» ትልና ያበደራትን ሰው እንደምትሸሽ ብድግ ትላለች።

ሥራው ቀጠለ። የነቢያት ጾም ነውና ዝናሽ ለእንግዶቹ እንቁላል ትጠብሳለች እንጂ አትቀምስም፤ ጨው ይነስ ይብዛ አታውቅም። እንግዶቹ ማታ ማታ ምድጃው ዙሪያ ይዘፍናሉ። አንዱ ቀን ከሌላው አይለይም። ከሁሉ የከበዳት ጸሎት ነው። ለአባቷ ዕድሜ ስጥልኝ ልትል ነው ወይስ ነፍሳቸውን ማርልኝ? ከሕያዋን ታስቀምጣቸው ወይስ ከሙታን? ስማቸው ላይ ስትደርስ ትዘላቸው ጀመር። አርባቸው ደግሞ እየቀረበ ነው። ደብራቸው ፍትሐት ሲያደርስ፣ ይሻውና አክስቷ ሲያዝኑ፣ ዝናሽ አባቷን ያላለቀሰች ልጅ ሆና ልትቀር ነው። መርዶ ሳይነገረው አርባ የወጣበት ሰው ምን እንደሚባል አታውቅም፤ ሲባልም ሰምታ አታውቅም።

አንድ ማለዳ፣ እንግዶቹ ገና ሳይነሡ፣ ቁልቁል ወርዳ የብዙነሽን በር አንኳኳች። ብዙነሽ ፀጉሯ እንደተንጨባረረ ከፈተች።

«ምነው በማለዳ? እሳት ጠፋብሽ?»

«አልጠፋም። እትየ፣ የያዝሽውን ንገሪኝ።»

«ምን ይዤ?»

ዝናሽ ከደጁ ንቅንቅ አላለችም። ብዙነሽ የበሩን ጠርዝ ያዘች።

«ማነው የነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝም። እሱ እኮ ነው የቸገረኝ።»

ከታች በረዶ ከመንገዱ የሚጠርግ የአንድ ሶርያዊ አካፋ ይሰማል።

«ለምን አልነገርሽኝም እንዳትይኝ» አለች ብዙነሽ። «ሰው አጣሁ። ሆቴል የምትሠራው የአገራችን ልጅ ፍቅርተ እሑድ እንጂ አትወጣም፤ እሑድ ደግሞ በረዶው መንገዱን ዘጋው። መርዶ በአንድ አፍ ይነገራል? ብቻዬን ነግሬሽ አንድ ነገር ብትሆኝስ? የሰው ልጅ ናት ብዬ ፈራሁ።»

«እንዲያው አሁን ንገሪኝ።»

«እዚህ? ደጅ ላይ?» ብዙነሽ ተቆጣች። «አበስኩ ገበርኩ! መርዶ ቤት ድረስ ይመጣል እንጂ እንደ እሳት ፍም ከጎረቤት ይጫራል እንዴ? እህል ቀምሰሻል?»

«ውሃም አልቀመስኩ።»

«ሂጂ ወደ ቤትሽ ውጪ። ግቢና ተኝ። በሩን ዝጊው። እኛ እንመጣለን።»

ዝናሽ ዳገቱን ወጣች። ከማድ ቤቱ ጎን ያለች ክፍሏ ገብታ ልብሷን እንደለበሰች አልጋዋ ላይ ተጋደመች። ጣቷ ደንዝዟል። ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ሳበች፤ እንደተኛ ሰው ዓይኗን ከደነች። እንቅልፍ ሊወስዳት ትንሽ ሲቀረው በሩ ተንኳኳ።

ሦስት ናቸው። ብዙነሽ ከፊት፣ ከኋላዋ ከሆቴሉ ወጥ ቤት በልመና የወጣችው ፍቅርተ ሽርጥ እንዳገለደመች፣ ከሁለቱ ኋላ ደግሞ ያ በረዶ ጠራጊ። ሰው እንዲሞላ ብዙነሽ ከመንገድ ጠርታው ነው። ኮፍያውን አውልቆ እበሩ ዘንድ ቆመ።

«ዝናሽ» አለች ብዙነሽ። ሁልጊዜ የምትጮኸው ሴት ድምፅ አነሳት። «እንግዲህ ሁላችንም ለዚያው ነን። አባትሽ እሸቴ አርፈዋል።»

ላይ ቤት እንግዶች ተኝተዋልና ብዙነሽ በሹክሹክታ አለቀሰች። «ወይኔ እሸቴ፣ ወይኔ የልጆቹ አባት» እያለች፣ ደረቷን ድምፅ በማያወጣ መዳፍ እየመታች። ፍቅርተ ሽርጧን አፏ ላይ ያዘች። ሰውየው በአረብኛ ነፍሳቸውን ይማር አለ።

ዝናሽ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«መቼ?» አለች።

«ረቡዕ ማታ። ሐሙስ ተቀበሩ። አክስትሽ ለቀብሩ ደርሰዋል።»

«የት?»

«ከእናትሽ ጎን።»

«ማን ነበረ አጠገባቸው?»

«ይሻው። ውሃ አምጣልኝ አሉት። አምጥቶ ሲመለስ አለፉ።»

«ውሃውን ሳይጠጡት?»

«ሳይጠጡት።»

«ጸበሉስ?»

«ምን ጸበል የኔ እናት። ከቤታቸውም አልወጡ።»

«እሺ» አለች ዝናሽ።

የሚመጣውን ጠበቀች። ሌሎቹም ጠበቁላት። ምንም አልመጣም። ፍቅርተ ቁርስ የምታቀርብበት ሰዓት ደርሶባት «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብላ ጉንጯን ስማት ወጣች። ሰውየውም ራሱን ዝቅ አድርጎ ተከተላት፤ ጥቂት ቆይቶ አካፋው እንደገና መሬት ሲቧጥጥ ተሰማ።

«አልቅሽ እንጂ» አለች ብዙነሽ። «ይወጣልሻል።»

«አልመጣልኝም።»

«ይመጣል።»

ላይ ቤት እንግዶቹ መራመድ ጀመሩ። ዝናሽ ተነሥታ ማድ ቤት ገባች፤ ማንቆርቆሪያውን ሞልታ ጣደች፣ እንጨት ጨመረች፣ ዳቦውን ቆራረጠች። ውሃው እስኪፈላ ተመልሳ እዚያው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ብዙነሽ አልሄደችም፤ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አፍንጫዋን ትጠርጋለች።

«እትየ።»

«ወየ።»

«እንደገና ንገሪኝ።»

ብዙነሽ ቀና ብላ አየቻት፤ ረዘም አድርጋ። ከዚያ ጉልበቷን ይዛ ተነሣች፣ ወጣች፣ በሩንም ከውጭ ዘጋችው። ዝናሽ እግሯን ሰብስባ ተጋደመች፤ ብርድ ልብሱንም ሳበች።

በሩ ተንኳኳ።