ልጄ በረዶው ላይ የጠፋችበት ቀን

ባለፈው ሰመር ልጄ፣ «አባዬ፣ ኦስሎ ኖረህ የበረዶ ተራራ ሳትወጣማ አይሆንም» ብላ ይዛኝ ሄደች። መንገድ መሪው አብረውን ከሚወጡት ጋር ሁላችንንም ወገባችን ላይ በአንድ ገመድ አያያዘን። በረዶው ስር የማይታይ ስንጥቅ ስላለ፣ ገመዱ እንዳይረግብ ማንም ወደ ማንም እንዳይጠጋ አስጠነቀቀን።

ዳገቱ ላይ ደክሞኝ ቆም አልኩ። ከፊቴ የነበረችው ልጄ ዞር ብላ ስታየኝ አላስቻላትም፤ ልትደግፈኝ ተመለሰች።

«ተይ፣ ሰውዬው ይቆጣል» አልኳት።

«ይቆጣ! አባቱ አይደለህም፤ የኔ ነህ» ብላ እየሳቀች እጇን ስትዘረጋልኝ፣ በረዶው ከእግሯ ስር ተደረመሰና ከዓይኔ ጠፋች። የረገበው ገመድ ድንገት ተወጥሮ በግንባሬ ደፋኝ። ከኋላዬ ያሉት ባይዙኝ ተከትያት ነበር። ስሟን ተጣራሁ። መልስ የለም፤ ከታች ውሃ ሲሄድ ብቻ ይሰማል።

ጎትተው አወጧት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጉልበቷ ከመላጡ በቀር ደህና ነበረች። አሁን ለጓደኞቿ እንደ ቀልድ ታወራዋለች።

ከእኔ ጆሮ ግን ያ ዝምታ አልወጣም። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ ሆልምሊያ ባቡር ጣቢያ ደረጃው ላይ ክንዴን ልትይዝ ትጠጋለች። ሳላስበው ወደ ኋላ እሸሻለሁ።

«አባዬ፣ ተቀየምከኝ እንዴ?» ትለኛለች።

ዓይኔ የቆመችበትን መሬት ያያል።