ከባሕር ማዶ የመጣው አራተኛው ዲስክ

እሳቱ ይሉታል። በያጅ ስለሆነ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ብየዳውንማ ስንቱ ይበይዳል። ይህ ሰው ጠዋት ከአልጋው ሲወርድ ጫማው የተቀመጠበት ቦታ ካልተስማማው ከጫማው ጋር ይጣላል። ከአውቶቡስ ጋር ይጣላል፣ ከዝናብ ጋር ይጣላል፣ ከቴሌቪዥኑ ዜና አንባቢ ጋርማ በየቀኑ ነው። ከሦስት ወር ወዲህ ግን ጠቡ ሁሉ ተሰብስቦ ወደ አንድ ሰው ዞሮ ነበር፤ ባሕር ማዶ ተቀምጦ የፊልም ዲስክ ወደሚሸጥለት፣ መልኩን እንኳ አይቶት ወደማያውቀው ነጋዴ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሚስቱ ጆሮ ከድቷታል። ሃያ ስድስት ዓመት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ማሽን አጠገብ ቆማ ሠርታ ጡረታ ስትወጣ፣ አንድ የምስክር ወረቀትና አንድ የግድግዳ ሰዓት ሰጥተው ሸኟት፤ ጆሮዋን እዚያው አስቀርተውት። መጀመሪያ የበሩ ደወል ጠፋባት፣ ቀጥሎ ስልኩ፣ ቀጥሎ የገዛ ልጇ ድምፅ። ሐኪሙ የሰጣት ማዳመጫ ደግሞ ጉደኛ ነው፤ የሳህን ኳኳታና የውሻ ጩኸት ሲሆን አጉልቶ ያመጣል፣ የሰው ቃል ሲሆን ይለግማል። አንድ ቀን አውልቃ መሳቢያ ውስጥ ወረወረችው።

ባልና ሚስት ሁለቱም ፊልም ወዳጆች ናቸው። የተጫጩትም ሲኒማ ቤት ውስጥ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እራት ተበልቶ ሳህን ከታጠበ በኋላ አንድ ሶፋ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ፊልም ያያሉ፤ እሷ ከሁሉ ቀድማ ትስቃለች፣ ነፍሰ ገዳዩን ከሁሉ ቀድማ ታውቃለች፣ እሱ ደግሞ «ዝም በይ እንጂ፣ አታበላሺብኝ!» እያለ ይቆጣል። የውጭውን ቋንቋ እሱ ሲሰማው ይገባዋል፤ ሲያነበው ግን ፊደሉ ይጨፍርበታል። ማንበብ ላይ እሷ ናት። ፋብሪካው ውስጥ የማሽኑን መመሪያ ለፈረቃው ሁሉ ታነብላቸው የነበረችው እሷው ናት።

ጆሮዋ ከሄደ ወዲህ ፊልሙን መሃል ላይ ትታ መነሣት ጀመረች። ከዚያ ጭራሽ ሳሎን መምጣቱንም ተወችው። አንድ ቀን ልብስ እያጠፈች «እህቴ ጋ ልሄድ ነው» አለችው።

«ለስንት ቀን?»

«ሆዴ እስኪሽር።»

እህቷ የምትኖረው ሌላ ከተማ ነው። ከሦስት ወር በኋላ፣ ክረምቱ ሲወጣ በመጀመሪያው እሑድ፣ ወንድሟ በመኪናው መጥቶ ሊወስዳት ተነጋግረው ጨርሰዋል። እሳቱ ደነገጠ። ያለ እሷ እንኳን ሊኖር፣ የስኳሩን ዕቃ የት እንዳለ አያውቅም። ሲደነግጥ ደግሞ የሚያውቀው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ መቆጣት። ፋብሪካውን ሰደበ፣ ሐኪሙን ሰደበ፣ ማዳመጫውን የሠራውን ሰው ከነዘር ማንዘሩ ሰደበ። በመጨረሻ ልጁ አንድ ነገር ሹክ አለችው። ሰዎቹ ሲናገሩ ቃሉን ከሥር የሚጽፍ፣ መስማት ለተሳናቸው ተብሎ የሚወጣ ዲስክ አለ፤ እዚህ አይገኝም፣ ከውጭ በስልክ ማዘዝ ነው። ስልኩ ላይ ጫነችለት፣ አንድ ጊዜ አሳየችው፣ ወደ ሥራዋ ሄደች። አለቀ። ሰውየው ሚስቱን በፊልም ሊያስቀራት ቆርጦ ተነሣ።

የመጀመሪያው ዲስክ በሦስት ሳምንቱ መጣ። ማጫወቻው ውስጥ ሲከተው «ይህ ዲስክ በዚህ አካባቢ አይሠራም» የሚል ጽሑፍ ወጣ። «የትኛው አካባቢ? የእኔ ሳሎን ምን አደረገህ?» ብሎ በማጫወቻው ላይ ጮኸ። ለካስ ዲስክም እንደ ሰው ድንበር አለው፤ ለአንዱ አገር የተሠራው ለሌላው አገር ማጫወቻ አልከፈትም ይላል። ሁለተኛው ከላይ ትክክለኛው ሥዕል አለበት፣ ውስጡ ግን ጠባብ ልብስ የለበሱ ሴቶች ስፖርት ያሠራሉ። ሦስተኛው ለሁለት ተሰንጥቆ ደረሰ።

ነጋዴው ታዲያ ይቅርታ አያውቅም፤ የሚያውቀው ደስታ ብቻ ነው። እሳቱ በብየዳ በተለበለበ ጣቱ አንድ ሰዓት ለፍቶ የስድብ መዓት ሲጽፍለት፣ መልሱ ወዲያው በማሽን ተተርጉሞ ከተፍ ይላል፤ «ውድ ወዳጄ ሆይ፣ የአንተ ደስታ የእኛ ደስታ ነው።» ቆሽቱ እርር ይላል። «የምን ደስታ? ማን ደስ አለው? ዓይኑን አየዋለሁ አንድ ቀን!» እያለ ሱቁ ውስጥ ሲንጎራደድ ደንበኞች በር ላይ ቆመው ይጠብቁታል።

በአራተኛው ጊዜ ረጋ ብሎ ጻፈ፤ ለእሱ ረጋ ማለት ይህ ከሆነ። «ሚስቴ አትሰማም። ከሥሩ ጽሑፍ ያለበትን ላክልኝ። ከአሁን በኋላ ብትሳሳት አልምርህም።»

«አዎ ውድ ወዳጄ፣ ለተቸገሩ ሰዎች የተዘጋጀ ልዩ እትም አለን። ደስ ይበልህ።»

ጥቅሉ የደረሰው ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ በማግስቱ እሑድ ወንድምየው ሊመጣ። እሳቱ የጀመረውን የብረት በር በግማሽ ትቶ ፖስታ ቤት በረረ።

«አባባ፣ ውስጡ ምንድን ነው?» አለችው ከመስታወቱ ጀርባ ያለችው ልጅ።

«ፊልም።»

«የምን ፊልም?»

«የፍርድ ቤት።»

«ፍርድ ቤት ነው ያዘዘው?»

«ኧረ በሕግ! ፊልሙ ስለ ፍርድ ቤት ነው!»

«አይቆጡ እንጂ አባባ። ፊልም ከሆነ ይዘቱ መታየት አለበት። የሚያየው ባልደረባችን ደግሞ ሰኞ ነው የሚገባው።»

«ሰኞ? ስሚ፣ ሰኞ እኮ ሚስት የለኝም!»

ሰልፉ በሙሉ ዞሮ አየው። ልጅቷ አንዴ እሱን፣ አንዴ ጥቅሉን አየች፤ ምን እንደገባት እሷ ታውቃለች፣ ማኅተሙን ጧ አድርጋ መትታ በመስኮቱ ቀዳዳ ገፋችለት። ምስጋና እንኳ ሳይወጣው እየሮጠ ሄደ።

ቤት ሲደርስ ሚስቱ መኝታ ቤት ሻንጣዋን ከፍታ ልብስ ትደረድራለች። እጇን ይዞ እየጎተተ ሳሎን አምጥቶ ሶፋው ላይ አስቀመጣት፤ መጋረጃውን ዘጋ፣ ዲስኩን ከተተ፣ አጠገቧ ተቀመጠ። ሆን ብሎ ከዳር እስከ ዳር ወሬ የሆነ ፊልም ነው የመረጠው፤ ጠበቃ ይናገራል፣ ዳኛ ይናገራል፣ ምስክር ይናገራል። እንዲህ ያለውን ፊልም እሷ ነፍሷ እስኪወጣ ትወዳለች።

ፊልሙ ተከፈተ፣ ሠራም። ከሥሩ ግን አንዲት ፊደል የለችም። ይልቅ ማንም አፉን ሳይከፍት አንዲት የማትታይ ሴት መናገር ጀመረች። «ዳኛው መነጽሩን ያወልቃል» አለች በረጋ ድምፅ። «ተከሳሿ እጆቿን ታያለች። ከኋላ በር ይከፈታል።»

እሳቱ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ደሙ ፈላ። ዲስኩ ለዓይነ ስውራን የተዘጋጀ ነው! ማየት ለማይችል ሰው የሚታየውን ሁሉ በቃል የሚናገር። ለማትሰማ ሴት የሚሰማ ላከላት፣ ያ «ደስ ይበልህ» ባይ ነጋዴ!

«ጽሑፉ የታለ?» አለች ሚስቱ።

ሪሞቱን ይቀጠቅጠዋል። አንዱን ይጫናል፣ ሌላውን ይጫናል፣ ምንም የለም።

«ሰው ሳይናገር ጆሮህን ትቀስራለህ። ምን እያለ ነው?»

«ምንም አይደለም» አለ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል።

ያችን ቃል ግን ከጎንም አይታ ታውቃታለች። ተነሥታ ቴሌቪዥኑን አጠፋችና ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ምንም አይደለም፣ ምንም አይደለም! ሦስት ዓመት ሙሉ ምንም አይደለም! ሃያ ስድስት ዓመት እዚያ ጩኸት ውስጥ ከሴቶቹ ጋር በምን ነበር የምናወራው? በከንፈር አይደለም? ከማዶ ማሽን ያለችው አማቷን ስታማልኝ አንድ ቃል አታመልጠኝም ነበር። አለቃችንን ፊቱ ላይ ስንሰድበው አንድም ቀን አላወቀብንም። ዛሬም ባለሱቁ ሲያናግረኝ ይገባኛል፣ ሐኪሙ ሲያናግረኝ ይገባኛል። የማይገባኝ አንተ ብቻ ነህ፤ ለምን? ፊትህን አታዞርልኝማ! ከግድግዳ ጋር ነው የምታወራው። ለማታውቀው ነጋዴ አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀምጠህ ትጽፋለህ፣ ለእኔ አንድ ነገር መድገም ሞት ነው። ዲስክ አምጣልኝ አልኩህ? አንተ እንዳታናግረኝ ዲስኩ እንዲያናግረኝ ነው የፈለግከው!»

እውነት ስለነበረ አቃጠለው። እሳቱ ደግሞ ሲቃጠል ያቃጥላል። ብድግ አለ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን ሙሉ በሙሉ ወደ እሷ አዞረና «አዎ! ሰለቸኝ!» አለ። «አንድን ነገር ሦስት ጊዜ መናገር ሰለቸኝ!»

ሚስቱ አፉን አየችው።

«ይሄን አንዴ ነው የተናገርከው» አለች። «ገባኝ።»

ተመልሳ ልብሷን መደርደር ቀጠለች።

እሑድ ጠዋት ወንድሟ መጣ። «እንደምን አደሩ ጋሼ» ቢለው እሳቱ በአገጩ ብቻ መለሰለት። ሻንጣ ሲወጣ አላገዘም፣ ደህና ሁኚም አላለም። ይልቁንም እልህ ያዘውና ሶፋው ላይ ጀርባውን ሰጥቷቸው ተቀምጦ ያንኑ ዲስክ ከፈተ።

«ጠረጴዛው ላይ ሁለት ብርጭቆ አለ» ትላለች የማትታየዋ ሴት። «አንደኛው ባዶ ነው።»

«ስለ ብርጭቆ ማን ጠየቀሽ?» አለ እሳቱ።

«ጠበቃው ያየዋል። ፈገግ ይላል።»

ሴትየዋ አትቸኩልም። አትሰለችም። ማንም ሳይጠይቃት፣ ዓይኑ ለማያይ አንድ ሰው ብርጭቆዋ እንኳ እንዳትቀርበት ብላ ትናገራለች። እሳቱ የሚቆጣው ሰው ፈለገ። ነጋዴውን አሰበ፤ ነጋዴው አላዋጣውም። ፖስታ ቤቱን፣ ፋብሪካውን፣ ማዳመጫውን አሰበ፤ አንዳቸውም ሶፋው ላይ ከሚስቱ አጠገብ ተቀምጠው አያውቁም። የተቀመጠው እሱ ነው። «አንተ ደደብ!» አለ ጮክ ብሎ፣ ለራሱ። ውጭ የመኪና ሞተር ተነሣ።

በነጠላ ጫማ ወጥቶ ሮጠ። «ቆይ! አትሂጂ!» ብሎ ጮኸ፤ ዕድሜ ልኩን በጫማና በዝናብ ላይ ያባከነውን ድምፅ ሁሉ አውጥቶ። ሰፈሩ ዞረ፣ ውሾች ተነሡ፣ ማዶ ፎቅ ላይ መስኮት ተከፈተ። እሷ ግን የፊት ወንበር ላይ ቀበቶዋን እያሰረች ወደ ፊቷ ታያለች። ከመላው መንገድ ያልሰማችው እሷ ብቻ ናት። መኪናው መታጠፊያው ላይ ቀስ ሲል ደረሰበትና ፊቱ ተገትሮ የሞተሩን ክዳን በሁለት እጁ መታ።

«ጋሼ ምን ነካዎት? ልገድልዎት ነበር እኮ!» አለ ወንድምየው ፍሬኑን ረግጦ።

እሳቱ ዞሮ በሚስቱ በኩል ሄደ፣ መስታወቱን አንኳኳ። ዝቅ አደረገችው። ፊቱ ከፊቷ ትክክል እንዲሆን ጉልበቱን አጥፎ ቁጢጥ አለ፤ እያለከለከ ነው፣ ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቀችው።

«አጥፍቻለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «ይቅር በይኝ። ከዛሬ ጀምሮ ሁሉን እነግርሻለሁ። አንድም አላስቀርብሽም።»

«ሁሉን?»

«ሁሉን።»

«እንግዲያው ጀምር» አለች። «ልጃችን የተመረቀች ቀን፣ ምሳ ላይ፣ ወንድምህ አንድ ነገር ተናገረና ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ። ልጄ ከሳቋ ብዛት እንባዋን ትጠርግ ነበር። ጠየቅኩህ፣ አልነገርከኝም። ሰው እንዳያፍርብኝ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ምን ነበር ያለው?»

እሳቱ አፉን ከፈተ። ጠረጴዛው ይታየዋል። የልጁ ጥቁር ካባ ወንበር ላይ ተንጠልጥሎ ይታየዋል፣ ወንድሙ ሹካውን አንሥቶ ሲናገር ይታየዋል፣ እሱ ራሱ ሆዱን ይዞ ሲንፈራፈር። ቃሉ ግን የለም። ግንባሩን በጡጫ መታው። ቃሉ የለም። እሷ አንዲት ነገር እንዳታመልጣት ዓይኗን ከከንፈሩ ላይ ሳትነቅል ትጠብቃለች።

«አላስታውስም» አለ።

«እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳስበው ነው የኖርኩት» አለች።

መስታወቱን ዘጋችና ወንድሟን ንዳ አለችው።