የውሻችን ሁዳዴ

«ውሻው መስገድ ጀመረ» አለችኝ እናቴ በስልክ።

የሁዳዴ የመጀመሪያው ሰኞ ነበር። እኔ ሞጣ፣ ሱቄ ውስጥ፣ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ የዋጠብኝን ወረቀት በጥፍሬ እየጎተትኩ ስለነበር በደንብ የሰማሁ አልመሰለኝም። ድገሚልኝ አልኳት።

«የፊት እግሩን መሬት ላይ ይዘረጋል፣ ደረቱን ያስጠጋል፣ ወገቡን ወደ ላይ ሰቅሎ እንዲያ ይቆያል። ይነሣና ደግሞ ይሰግዳል። ይቅር ይበለኝ እንጂ ከኔ የበለጠ ነው የሚሰግደው፤ እኔንስ ጉልበቴ እምቢ ብሎኛል።»

እኔ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። «ከትናንት ማታ ጀምሮ ውሃም አልረጋለት ብሏል፣ ያስመልሰዋል» ስትለኝ የኔም ሳቅ ቆመ።

እናቴ ቢቸና ብቻዋን ነው የምትኖረው። ብቻዋን ስል ከውሻው ጋር ማለቴ ነው። የወንድሞቼ እንጀራ ራቅ ያለ ቦታ ሆነ፤ ቅርብ የምባለው እኔ ነኝ፣ እኔም ብሆን ቅርብ የምሆነው መንገዱ ክፍት ሲሆን ነው። ውሻው የአባቴ ነበር። አባቴ በሕይወት እያለ እናቴ ውሻውን ወደ ቤት አታስጠጋውም፣ ስሙን እንኳ አትጠራም፣ «አንተ!» ነው የምትለው። አባቴ ካረፈ በኋላ ውሻው መጀመሪያ ወደ በረንዳው ተጠጋ፣ ቀጥሎ ደጃፉ ላይ መተኛት ጀመረ፣ አንድ ቀን ስመጣ ደግሞ ምድጃው አጠገብ ተጋድሞ አገኘሁት። «ማን አስገባው?» ብላት «እኔ ምን አውቄ፣ ገባ» አለችኝ። አሁንም «አንተ» ነው የምትለው፤ ድምፅዋ ግን ሌላ ሆኗል።

«ምን በላ?» አልኳት።

«ምንም።»

የእናቴን «ምንም» አውቀዋለሁ፤ ከኋላው ብዙ ነገር አለ። ቀስ እያልኩ ሳወጣጣት እሑድ ቅበላ እንደነበር ትዝ አለኝ። በነጋታው ጾም ሊገባ ቤት ውስጥ ቅባት ማደር የለበትማ! ድስቱ ተጠርጓል፣ የዶሮው ወጥ ቂጥ ተፍቋል፣ ቅሉ ውስጥ የቀረው ቅቤ ወጥቷል፣ ከጎረቤት የመጣው የበግ ላትም አለ። ይህ ሁሉ የት ይሂድ? እናቴ ምግብ መድፋት አይሆንላትም። ውሻው ደግሞ በቃኝ ማለት አያውቅም።

በነጋታው ሱቁን ለጎረቤቴ አደራ ሰጥቼ በሚኒባስ ተሳፈርኩ። ጎረቤቴ ጨርቅ ነጋዴ ናት፤ ቤተሰቧ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ሞጣ የነገዱ ሙስሊሞች ናቸው። ረመዳኑም በዚያው ሰሞን ስለነበር «እኔ ጾም፣ አንቺ ጾም፤ ከሰገደ ደግሞ ውሻሽም ይጾማል ማለት ነው። ገበያውን ማን ሊበላው ነው?» እያለች ሸኘችኝ።

ቢቸና ውስጥ ውሻ ማሳከም ራሱን የቻለ ወሬ ነው። የባጃጁ ሹፌር «ውሻ አልጭንም» ሲል እናቴ አሮጌ ጋቢ አምጥታ ጠቀለለችውና «ይኸው፣ አሁን ዕቃ ነው» አለችው። የእንስሳት ክሊኒኩ ግቢ በበሬና በአህያ ተሞልቷል። ተራ የሚጠብቅ አንድ ገበሬ ከጋቢው ውስጥ ብቅ ያለውን አፍንጫ ሲያይ ሳቁን መያዝ አቅቶት ፊቱን ወደ በሬው አዞረ። ሐኪሙ ግን አልሳቀም። ወጣት ነው፣ ብዙ አይናገርም። የውሻውን ሆድ ዳሰሰ፤ ውሻው አቃሰተ። ምን እንደበላ ጠየቀን። እናቴ ጣሪያ ጣሪያውን ስታይ እኔ ተናገርኩ፤ ስግደቱንም ነገርኩት።

«እዚህ መመርመሪያው የለንም፤ ምልክቱ ግን የፓንክሪያታይተስ ነው» አለ። «መስገድ የመሰለዎት የሆድ ሕመም ነው። እንዲያ ሲሆን ትንሽ ቀለል ይለዋል። ቆሽቱ ተቆጥቷል፣ እማማ።»

እናቴ ቀና አለች። «ማን አስቆጣብኝ?»

«ኧረ ማንም አላስቆጣውም፤ ቆሽቱ ነው እኮ...»

«ልጄ፣ እንዲያው በባዶ ሜዳ ቆሽቱ ያርራል? የጎረቤት ዶሮ ናት። ሳህኑ ላይ እየወጣች ስትለቅምበት ዝም ብሎ ነው የሚያያት። በሆዱ ይዞት ኖሯላ!»

ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ፤ እኔም ወደ መስኮቱ ዞርኩ። እኔ ራሴ በቀን ስንት ጊዜ «ቆሽቴ አረረ» እንደምል ጎረቤቴ ትመሰክራለች። ቆሽት የሚባል እውነተኛ ነገር ከጨጓራ ሥር ተቀምጦ ቅባት በመፍጨት እንደሚውል ልብ ያልኩት ገና ያን ቀን ነው። ሐኪሙ በትዕግሥት አስረዳት፤ ቅባት ሲበዛበት ምግብ እንዲፈጭ የተሠራው ፈሳሽ ዞሮ ራሱን ቆሽቱን ይበላዋል አላት። እናቴ እስከ መጨረሻው አዳመጠችና «እኮ! መናደድ ማለት ይኸው አይደል?» አለች። ሐኪሙ ተሸንፎ መርፌውን አዘጋጀ።

ግሉኮስ ተሰቀለለት፣ የሕመም ማስታገሻና ማስመለሱን የሚያቆም መድኃኒት ተወጋ። ስንወጣ ሐኪሙ «ማስመለሱ እስኪቆም ይጹም። ውሃ ብቻ በጥቂት በጥቂቱ። ከዚያ በኋላ ቅባት የሌለው ነገር፣ በትንሽ በትንሹ» አለ።

«ገባሽ?» አልኳት እናቴን።

«ደግሞ ጾም ልታስተምሪኝ ነው?» አለች።

እኔም ልቤ ረግቶ ሞጣ ተመለስኩ። ስልክ ስደውል «ይጾማል?» እላታለሁ፤ «ጥንቅቅ አድርጎ» ትለኛለች። ሥጋ ቀመሰ? በስመ አብ! ወተትስ? ኧረ ተይ! ተመስገን እያልኩ ስልኩን እዘጋለሁ። ቀጥሎ ኔትወርክ ጠፋ። ሲመለስ መጀመሪያ የሰማሁት የእናቴን ድምፅ ነው። «መልሶ መስገድ ጀመረ።»

ደግሜ ሚኒባስ ያዝኩ። ስደርስ ውሻው ግድግዳውን ተጠግቶ ተጣጥፏል፤ ዓይኑን ብቻ ነው ያነሣልኝ።

«ምን አበላሽው?»

«ጾም ነው ያበላሁት! ሱፍ ፍትፍት ነው። ሽሮም በዘይት ቁሌት አቁላልቼ። ደካማ አይደል? ያበርታው ብዬ እኮ ነው። ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አስጾሜው ነው፣ ዝም ብዬ እንዳይመስልሽ!»

ቆሽቴ አረረ። ይህን አባባል ከዚያ ወዲህ እየተጠነቀቅኩ ነው የምጠቀመው፤ ያን ቀን ግን ማረሩንስ አረረ። «ሱፍ እኮ ተጨምቆ ዘይት የሚወጣው ነው! ይጹም ማለት ምንም አይብላ ማለት ነው!» ብዬ ጮህኩባት።

«እሱ ደግሞ የየትኛው ሃይማኖት ጾም ነው?» አለችኝ፤ እውነት ግራ ገብቷት።

ሐኪሙ በዚህኛው ጊዜ ፊቱ አልተፈታም። ግሉኮሱን እየሰቀለ ለእኔ ቀስ ብሎ «ሦስተኛ ጊዜ ከመጣበት የሚተርፍ አይመስለኝም» አለኝ። እናቴ የሰማች አልመሰለኝም ነበር። በባጃጁ ስንመለስ ግን ውሻውን ከነጋቢው ጭኗ ላይ አድርጋ እስከ ቤት ድረስ አለቀቀችውም።

ቤት እንደገባን ሻይ ላፈላ ማድ ቤት ገባሁ። ምድጃው ቀዝቅዟል። አመዱ የቆየ ነው። ድስቶቹ ታጥበው ተደፍተዋል፣ መሶቡ ውስጥ ጠርዙ የደረቀ እንጀራ አለ፣ ከጎኑ ቆሎ በጣሳ።

«ምን እየበላሽ ነው የሰነበትሽው?»

«ቆሎ አለ አይደል?»

«ወጥስ?»

«ለማን ብዬ?» አለች፤ ስለ ገበያ ውሎ የምታወራ ያህል ቀለል አድርጋ። «አንቺ ሞጣ ነሽ። እሱ ሲበላ ጊዜ አብሬ ቀማምሳለሁ፤ እሱ ካልበላ እኔ ለራሴ ብዬ እሳት አላነድም።»

እስከዚያች ሰዓት ድረስ የፈራሁት ለውሻው ነበር። እናቴን ሳያት ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ሰፍቷል፣ የእጇ አንጓ ሳስቷል፤ በሁለቱም ጉዞዬ ዓይኔ ውሻው ላይ ስለነበር አላየሁትም። ውሻው ቢሞት እናቴ ቆሎ በጣሳ ይዛ ትቀመጣለች፣ እኔም ሞጣ ሆኜ ስደውል «ደኅና ነኝ» ትለኛለች።

ስለዚህ ቆየሁ፤ የድንችም ዘመን ገባ። ማስመለሱ ሲቆም ድንች እየቀቀልን፣ እየላጥን፣ እየፈጨን፣ ያለ ጨው ያለ ዘይት በሻይ ማንኪያ እየለካን አቀረብንለት። መጀመሪያ አሸተተና ፊቱን አዞረ። እናቴ «ሀቁን ነው፣ ይህ ምግብ ነው ወይ?» አለች። ትንሽ ቆይቶ አንድ ጊዜ ላሰው። እልል ልትል ነበር፣ አፏን ያዝኳት።

ከድንቹ ሌላ ሩዝ በደንብ በስሎ፣ ዱባም ተቀቅሎ ይሰጠዋል። ሐኪሙ ሥጋ ከተገኘ ስብ የሌለው፣ ካልሆነ የእንቁላል ነጩን ብቻ ብሎ ነበር። በሁዳዴ እንቁላል! እናቴ የማድ ቤቷን ድስት ላለማርከስ ከቤት ውጪ ሦስት ድንጋይ ጎልታ በቆርቆሮ ጣሳ ትቀቅላለች። ስትልጠው ፊቷን ወደ ሌላ አዙራ ነው። ከጎረቤት ሰው ብቅ ካለ «ለውሻው ነው!» ብላ ሳትጠየቅ ትጮኻለች፤ እንደዚያ እየጮኸች ሰፈሩ ሁሉ እንቁላል እንደምንቀቅል አወቀ።

ትልቁ ውጊያችን ግን ዘይቱ ነበር። አንድ ቀን ጠርሙሱን ድንቹ ላይ ዘንበል አድርጋ ያዝኳት።

«እማዬ!»

«ጠብታ ናት። መዓዛው እንዲጠራው ብዬ ነው።»

«መዓዛው ወደ መቃብር ነው የሚጠራው።»

ጠርሙሱን አስቀመጠች። እጇ ግን ባዶ መሆኑን አላመነም፤ ዱባውን ትነካካለች፣ ሩዙን ታማስላለች፣ የምትጨምርበትን ነገር ትፈልጋለች። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ሲያዝን፣ ሲታመም፣ ሲመጣ፣ ሲሄድ የምታውቀው አንድ ነገር ነው፤ ብላ፣ ጨምር፣ በሞቴ። ያን ከልክያት ምን ላድርግ ብላ ስታየኝ አሳዘነችኝ።

«አጠገቡ ቁጭ ብለሽ ብዪ» አልኳት። «አንቺ ስትበዪ እሱም ይበላል።»

ይህን ያልኩት እሷን ለማብላት ነበር፤ እውነት ሆኖ አረፈው። ውሻው እናቴ የራሷን ድንች በአዋዜ እየነካች መጉረስ እስክትጀምር ድረስ ሳህኑ ላይ አፍንጫውን ደፍቶ ይጠብቃል። ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ መብላት ነበረበት፤ እናም እሳቱ ከጠዋት ጀምሮ አይጠፋም። ሞጣ ከተመለስኩ በኋላ ጎረቤቴ ሱቋን ስትከፍት ከሰላምታ በፊት «ጾመኛው እንዴት አደረ?» ትለኛለች። ደውዬ እነግራታለሁ። ዛሬ ጭራውን ቆላ። ዛሬ በር ላይ ጮኸ። ዛሬ ያችን ዶሮ አባረራት። የእናቴ ድምፅም በስልክ ወፈር አለ።

ፋሲካ ሲደርስ ግን ሁላችንም ፈራን። ያን ቀን የሰፈር ውሻ ሁሉ አጥንት በአጥንት ነው። እኔ ይህን ሁሉ ረስቼ የቅዳሜ ለት ከሞጣ አንድ ቀይ አውራ ዶሮ እግሩን አስሬ ይዤ ደረስኩ። እናቴ በሩ ላይ አስቆመችኝ።

«ይህን ወዴት ነው?»

«ለዶሮ ወጥ ነዋ!»

«በዚህ ቤት ዘንድሮ ዶሮ አይሠራም። ሽታው እሱን ይገድለዋል» ብላ ዶሮውን ከእጄ ወስዳ ለጎረቤት ሰጠችው። የዶሮ ወጥ የሌለበት ፋሲካ እናቴ ቤት አይቼ አላውቅም። ያን ሁሉ ቀን ጾሜ፣ ያን ሁሉ መንገድ ዶሮ ታቅፌ መጥቼ! አኩርፌ ተኛሁ።

ጠዋት ጎረቤት ክዳን ያለው ሳህን ይዛ መጣች። የኔው ዶሮ ወጥ ሆኖ፣ ቅቤው ላዩ ላይ እየዋኘ፣ ከነእንቁላሉ። እናቴ ምርቃቷን አዥጎድጉዳ ተቀበለች፤ ውሻው ገና ሽታው ሳይደርሰው ሳህኑን እኔ እጅ ላይ አድርጋ ከግቢው አስወጣችኝና በሩን ከውስጥ ቀረቀረች።

«እዚያው ብዪ!»

የፋሲካን ዶሮ የሐበሻ ቀሚሴን ለብሼ መንገድ ላይ ቆሜ መብላት ጀመርኩ። አላፊ አግዳሚው «እንኳን አደረሰሽ» እያለ፣ እያየኝም እየሳቀ ያልፋል። እውነቱን ለመናገር ይጣፍጣል። ሁለተኛውን ጉርሻ ጎርሼ ሳለሁ በቆርቆሮው አጥር በኩል የእናቴን ድምፅ ሰማሁ። የሚያዳምጣት ሰው እንዳለ አላወቀችም።

«አንተ» ትላለች፣ «አይዞህ። እኔም አልበላሁም።»

ሳህኑን ከነክዳኑ ለጎረቤት መልሼ፣ እጄን እዚያው በሳሙና ታጥቤ በሩን አንኳኳሁ። እናቴ ከፈተችልኝና አንዳች ሳትጠይቀኝ ወደ ማድ ቤት ገባች። ተከትያት ገብቼ ድስቱን ስከፍተው የተቀቀለው ድንች ለሦስት የሚበቃ ነበር።