ዲዳው ጀግናና ጭልፊቱ

ኦሪን ሚስቱ ካረፈች ወዲህ የሼቦይገን ከተማን ብርዳማ ክረምት የሚገፋው ብቻውን ጀግና በመፍጠር ነው፤ ሰዎች ጠረጴዛ ከበው፣ እያንዳንዱ በፈጠረው ጀግና አፍ እየተናገረ፣ በወሬ ለሚጫወቱት ጨዋታ የሚሆን ጀግና። ደንቡ ለጀግናው አንድ ጉድለት ለሰጠ ሰው አንድ ጸጋ ይፈቅዳል። ኦሪን ጀግናውን ዲዳ አደረገውና በምትኩ ትከሻው ላይ ጭልፊት አሳረፈለት። ባዶ ቤት ውስጥ ዝምታ ምን ያስከፍላል?

አንድ ቅዳሜ ግን ጀግናውን የጻፈበትን ወረቀት ይዞ ጨዋታው ወደሚካሄድበት መደብር ሄደና ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ተቀመጠ።

«ድልድዩ ላይ ዘበኛ ቆሟል» አለች ጨዋታውን የምትመራው ማርሊስ። «የጋሽ ኦሪን ሰውዬ ምን ይለዋል?»

ኦሪን አፉን በእጁ ከደነ።

«ዲዳ ነው እንዴ? ተገላገልን፤ አንድ እንኳ የማይለፈልፍ አገኘን» አለ ዌንደል የሚባለው ጎረምሳ።

ሳቁ፤ እሱም አብሮ ሳቀ። ከዚያ ወሬው አጠገቡን እየታከከ አለፈ፤ የሚጠይቀውም ጠፋ። የቤቱ ዝምታ ተከትሎት መጥቶ ጎኑ ወንበር የሳበ መሰለው።

«ማርሊስ፣ ጭልፊቱን ልመልስና አንደበቱን ስጪኝ» አለ በመጨረሻ።

«ከሱ የተሻለ ጸጋ እኮ የለም፣ ጋሼ።»

«ግዴለም፣ ይሂድ።»

ጭልፊቱን ከወረቀቱ ላይ በላጲስ አጠፋው።

«እሺ፣ ዘበኛው መልስ እየጠበቀ ነው።»

ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ። ኦሪን ጉሮሮውን ጠረገ፤ ድምፁ ሳይነገርበት ከርሞ ሻክሯል።

«እንደምን ዋልክ» አለ። «ብርድ ነው አይደል፣ ዛሬ?»