ልጅ መያዝ በየትኛው ዘርፍ ይገባል?

ከአረብ አገር ስመለስ የማውቀው ሥራ አንድ ብቻ ነበር፤ የሰው ልጅ መያዝ። ሐይቅ ከተማ ገብቼ ሻንጣዬን ሳልፈታ የሰፈር ሴቶች ልጆቻቸውን ይዘው መጡ። አንዷ አስተማሪ ናት። አንዷ መንገድ ዳር ለተሳፋሪ ዓሣ ትሸጣለች። ሦስተኛዋ የመንግሥት ሠራተኛ ናት፤ የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም። ሁለቱ በየወሩ ይከፍሉኛል። ዓሣ ሻጯ ገበያ ሲቀናት ዓሣ፣ ሳይቀናት ምርቃት ታመጣለች።

አንድ ጠዋት ከወረዳው ገቢዎች አንድ ወጣት ሠራተኛ መጣ። ገና ከመግባቱ አንዱ ልጅ ሽሮ በነካ እጁ የተተኮሰ ሱሪውን ጨመደደው።

"እህቴ፣ እዚህ ቤት ያለፈቃድ ንግድ አለ የሚል ጥቆማ ደርሶናል።"

"ምን ልሸጥ?"

"ሕፃናት..." አለና ራሱም ደነገጠ። "ማለቴ፣ ሕፃናት እየያዝሽ ትከፈያለሽ አሉ።"

እናቴ ከጓዳ ብቅ አለች። ሶላት የማያልፋት ሴት ናት፤ ግብር ሲነሳ ግን ሌላ ሰው ትሆናለች።

"ሁሉም የልጅ ልጆቼ ናቸው።"

"እማማ፣ ሁሉም እኩያ ናቸው እኮ።"

"አላህ ሲሰጥ እንዲህ ነው።"

"የእኔ አያት ውጫሌ ናት!" አለች የአስተማሪዋ ልጅ። እናቴ በዓይኗ ቆነጠጠቻት። ወጣቱ ሳቁን ዋጥ አድርጎ በማግስቱ ቢሮ እንድቀርብ ነገረኝና ወጣ።

ተናደድኩ። ባሕር ተሻግሬ የማዳም ልጆች ሲያሯሩጡኝ አንድ ቀን እንዴት ነሽ ያላለኝ መንግሥት፣ እናቴ ቤት ተቀምጬ የልጅ አፍንጫ ስጠርግ ትዝ አልኩት!

በማግስቱ ልጆቹን ማን ይያዝልኝ? የሚይዛቸው ሰው እኔው ነኝ። ሁሉንም ባጃጅ ላይ ጭኜ ሄድኩ።

የቢሮው ኃላፊ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። ወጣቱን "ዘርፉ ምንድን ነው?" አሉት።

"ልጅ መያዝ።"

"እሱ ደግሞ ሥራ ነው እንዴ?"

ይህን ብለው ሳይጨርሱ የአስተማሪዋ ልጅ ማኅተሙን አንስታ ግንባሯ ላይ መታችው። የዓሣ ሻጯ ልጅ ጠረጴዛው ላይ ወጣ።

"ኧረ ያዢያቸው!" ብለው ጮኹ ኃላፊዋ።

"ፈቃድ የለኝም" አልኳቸው።

በዚህ መሐል ሦስተኛው ልጅ "እማዬ!" እያለ ወደ ገንዘብ ያዥዋ መስኮት ሮጠ። ቀና ስል ያቺ የት እንደምትሠራ ያልጠየቅኳት እናት ናት።

"አንቺም ደንበኛ ነሽ?" አሏት ኃላፊዋ።

"ታዲያ እዚህ ስውል ማን ይይዝልኛል? እሷ ባትኖር በሐምሌ ያን ሁሉ የግብር ሰልፍ ራሳችሁ ነበር የምታስተናግዱት!"

የምትከፍለኝንም እዚያው አስረዳች። የግብር ግምቱ ከዚያ ተነሥቶ ተሠራ።

"ዓሣውስ?" አለ ወጣቱ።

"በልተነዋል።"

"ዓሣው ይቅር" አሉ ኃላፊዋ፤ አሁን እሳቸውም እየሳቁ ነበር። "ሌሎች አገልግሎቶች" በሚል ዘርፍ፣ በዝቅተኛው ደረጃ ተመዘገብኩ።

ግብሩን እየተነጫነጭኩ እከፍላለሁ። ሥራሽ ምንድን ነው ሲሉኝ ግን እንደ ድሮው "ቤት ነኝ" አልልም። እናቶቹ በሚከፍሉኝ የወር ክፍያም ላይ ትንሽ ጨመርኩ። ከሁሉ ቀድማ የጮኸችው ገንዘብ ያዥዋ ናት።