መልስ ያጣው ምርቃት

የልጄ ፊልም ሳይሸለም የቀረ ጊዜ ዳኞቹን ልሰድብ ተዘጋጅቼ ነበር። ዕድሜዬን ነቀምቴ ላይ አማርኛ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና ስድብ አይቸግረኝም። «ዛሬ የሚሸለመው ጥበብ ሳይሆን ዘመድ ነው» እያልኩ ስፎክር ሰነበትኩ። ክፋቱ፣ ያሸነፈውን ፊልም ፈልጌ አየሁት። ጥሩ ነበር። አስለቀሰኝ፤ በማልቀሴም ተናደድኩ። ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ ስለ ዳኞቹ ትንፍሽ አላልኩም።

የልጄ ፊልም በአፋን ኦሮሞ የተሠራ ነው። አንድ አባት ወደ ሩቅ አገር የሚሄድ ልጃቸውን መርቀው ይሸኛሉ፤ ታሪኩ ይኸው ነው። አባትየውን ሆነው የሠሩት የባለቤቴ አባት፣ የጉቶ ጊዳ ገበሬ ናቸው። ትወና የሚባል ነገር አያውቁም። ልጄ «አካኮ»፣ አያቴ፣ «እንደ ወትሮው ይመርቁ» አለቻቸው። ዙሪያውን የቆምነውን ቤተሰብ ደግሞ «ድምፅ እየተቀዳ ነው፣ እንዳትተነፍሱ!» ብላ አስጠነቀቀችን።

እዚህ አገር መራቂ አንድ ነገር ይልና ዝም ይላል። የተሰበሰበው ሰው «ሃ ተኡ»፣ ይሁን፣ ይለዋል፤ ከዚያ ይቀጥላል። ያን ቀን ግን የሚመልስላቸው አልነበረም። ይመርቃሉ፣ ዝም ይላሉ፣ ዙሪያቸውን ያያሉ፣ ደግሞ ይቀጥላሉ። እኛ አፋችንን ይዘን ቆመናል። ልጄ ስህተቷ የገባት በኋላ፣ ኮምፒውተር ላይ ስታየው ነው። ያን ጊዜ አያቷ አርፈው ነበር፤ እንደገና መቅረጽ አይታሰብም።

ከዳኞቹ አንዱ ደውሎ፣ ቅንነት ባለው ድምፅ፣ «የምርቃቱ ዝምታ ባዶ ነው። ምርቃቱን አውጪውና ፊልሙን ለሚቀጥለው ውድድር ላኪው» አላት። እሷም ልታወጣው ወሰነች።

«የአያትሽን ምርቃት?» አልኳት።

«አባዬ፣ ይሄ ፊልም ነው፤ ሽምግልና አይደለም» አለችኝ። ዓይኗ ግን እንባ አቅርሮ ነበር። እናቷ ሰምታ ወደ ጓዳ ገባች። እሷ አባቷ ከሞቱ ወዲህ ያን ፊልም ለማየት አንጀቷ አልቻለም።

ልጄ ሳትቆርጠው በፊት የሲሬ ዘመዶቻችን እንይ አሉ። እሑድ ከቸርች መልስ እዚያው በቸርቹ አዳራሽ ተሰበሰብን። ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ ተወጠረ፣ መስኮቱ በጆንያ ተሸፈነ። ባለቤቴም መጣች፤ ቶሎ ለመውጣት እንዲመቻት ይመስለኛል፣ በሩ አጠገብ ተቀመጠች።

ምርቃቱ ደረሰ። አማቴ አንሶላው ላይ ቆመው እጃቸውን ዘረጉ። «ነጋን ገሊ!» አሉ፣ በሰላም ተመለስ። ዝም አሉ።

ከፊት የተቀመጡ አንዲት አሮጊት «ሃ ተኡ» አሉ።

ልጄ ዝም ልታሰኛቸው ብድግ ስትል እጇን ያዝኳት። ቀጣዩ ምርቃት መጣ፤ «ሃ ተኡ!» አለ ግማሹ አዳራሽ። በሦስተኛው ሰዉ ሁሉ ቆመ። የመዘምራኑ ወጣቶች «አሜን!» ጨመሩበት። አማቴ ዙሪያቸውን አዩ። በቀረጻው ቀን እኛን ሲፈልጉ ያዩት አስተያየት ነው፤ ዛሬ ግን የፈለጉትን ሰው ያገኙ መሰሉ። ሰዉ መልሶ ሲጨርስ እሳቸው ይቀጥላሉ፤ አንድም ጊዜ አልተሻሙም። እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም።

ዳኛውን አሰብኩት። አልዋሸም። ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ለሰማው ዝምታው በእርግጥ ባዶ ነው። በዚያ ክፍል ማን ይመልስለት?

«አልነካውም» አለች ልጄ በጆሮዬ። «ከፈለጉ አይሸልሙኝ።»

የመጨረሻው ምርቃት ቀርቶ ነበር። አማቴ ለሚሄደው ብቻ ሳይሆን ቤት ለሚቀሩት ልጆቻቸውም ዕድሜ ለመኑ። ሕዝቡ መለሰ። ድምፁ ሲበርድ ከበሩ በኩል አንዲት ሴት ብቻዋን፣ ዘግይታ፣ «ሃ ተኡ፣ አቦ ኮ» አለች፤ ይሁን አባቴ። ዞር ስል ባለቤቴ ቆማለች።

አንሶላው ላይ አባቷ ራሳቸውን ነቅነቅ አደረጉና ተቀመጡ።