ለነፊው ዓሣ ጓደኛ ፍለጋ

ከዚህ ሰውዬ ጋር ምን ይሻለኛል! ባለቤቴ ዛሬም በፌስታል ውሃ አዲስ ዓሣ ይዞ ገባ። ሲቆጣ እንደ ኳስ የሚነፋው ዓሣችን የቀደሙትን ሁሉ ጭራቸውን እየቦጨቀ ፈጅቷቸዋል። «ይሄኛው ፈጣን ነው፤ አይደርስበትም» አለኝ።

ከዓሣው የመስታወት ገንዳ የሚመጣው የረጠበ ሣር ሽታ ልጅነቴን፣ ጉኑኖ ያለውን ቤታችንን አስታወሰኝ። አባቴ ለመስቀል የሚቀልበውን ሰንጋ እቤት ውስጥ ያስረው ነበር። «ብቻውን አይበላም» እያለ አንዴ ጥጃ፣ አንዴ ፍየል አጠገቡ ያስርለታል፤ ሰንጋው ይወጋቸዋል። አንድ ቀን አያቴ የጥጃውን ቁስል እያጠበች፣ «አንተ ሰው፣ ጓደኛ አምጣልኝ ብሎሃል?» አለችው። አባቴ በማግስቱ በግ ይዞ መጣ።

ይህንኑ ጥያቄ ባለቤቴን ጠየቅሁት።

«አላለኝም፤ ግን ብቸኝነት ይከብዳል» አለና ፌስታሉን ፈታው።

ነፊው ዓሣ ከጥጉ ወጣ።